ባቡሩ የት ያድራል?

በአገራችን ልማድ መንገደኛ ሲመሽበት ከደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ መሽቶብኛልና አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ብሎ ይቀበለዋል። እንግዳው ውኃ ቀርቦለት እግሩን ይታጠባል፤ ከተገኘው ይቀምሳል፤ ሲነጋ መርቆ ይሄዳል። ይህ ደንብ የእግረኛና የባለበቅሎ ብቻ ሆኖ ይታየን ይሆናል። ነገር ግን ከሁሉ ፈጣን የተባለው፣ እሳት በልቶ ጢስ የሚተፋው ባቡር ራሱ ለብዙ ዓመታት የመሸበት እንግዳ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ይቆማል፤ ያድራል፤ ሲነጋ ይነሣል።

በመኝታ ፉርጎ ተኝቶ ሌሊቱን መጓዝ በሌላው ዓለም የተለመደ ነገር ነው። ማታ አልጋው ላይ የወጣ ሰው ጧት ሌላ አገር ሲነቃ፣ በመስኮቱ አዲስ ተራራና አዲስ ሜዳ ሲያይ የሚሰማውን ደስታ ብዙ ጸሐፊዎች አውስተውታል። በእኛም አገር ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ እንዲህ ያለ ጉዞ ነበር። በአሮጌው ሐዲድ ላይ ዛሬ የለም። ጉዞው ምን ይመስል እንደነበረና መንገደኛው ምን ይጠብቅ እንደነበረ ማወቅ ደግ ነው፤ ይልቁንም ባቡሩ ባደረበት ስፍራ ሁሉ ምን እንደበቀለ መመልከት ይገባል። የምድር ባቡራችን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በሩጫው ነው። ከተሞቹን የወለደው ግን ማደሩ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐዲዱ ራሱ ያደረበት ከተማ

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር መንገድ የመሥራቱን ውል በ1886 ዓ.ም. የሰጡት ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ነበር። ከኢልግ ጋር ፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኔ በሥራው ገባ። ውሉ ለ99 ዓመት የሚጸና ሲሆን መንገዱን በሦስት ይከፍለዋል፤ መጀመሪያ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ቀጥሎ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ በመጨረሻም ከእንጦጦ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ። ሦስተኛው ክፍል በወረቀት ቀረ። የመጀመሪያውም ቢሆን በውሉ እንደተጻፈ አልሆነም።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ፈረንሳዮች፣ ጣልያኖችና ግሪኮች በባለሙያነት፣ ዐረቦችና ሶማሌዎች በጉልበት ሠራተኛነት ተሰለፉ። በረሃውን እያቋረጡ፣ ገደሉን በብረት ድልድይ እየተሻገሩ የሐረር ተራሮች ግርጌ ሲደርሱ ግን መሐንዲሶቹ ወደ ላይ አንጋጠው አዩና ተዉት። ያንን ዳገት ባቡር ማስወጣት የሚጠይቀው ገንዘብ ኩባንያው ከነበረው በላይ ነበር። ስለዚህ ሐዲዱ ሐረርን በግራ ትቶ በተራሮቹ እግር ሥር በሚገኝ ደረቅ ሜዳ ላይ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ቆመ። ምኒልክ ስፍራውን «አዲስ ሐረር» አሉት። ሕዝቡ ግን የቀድሞውን ስም አልለቀቀም፤ ድሬዳዋ ብሎ ቀጠለ።

በዚያ በዓል ላይ ንጉሠ ነገሥቱ አልተገኙም። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት በዚያው ዓመት መግቢያ በፊት ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር የድጎማ ውል ተፈራርሞ ነበር። ምኒልክ ውል የሰጡት ለግለሰቦች እንጂ ለባዕድ መንግሥት አልነበረም። አገራቸውን ከባሕር የሚያገናኘው ብቸኛ መንገድ በሌላ መንግሥት እጅ ሊወድቅ እንደሆነ ሲረዱ ሥራው እንዳይቀጥል ያዙት። እንግሊዝም ጣልያንም «እኛስ?» ማለት ጀመሩ። ኩባንያው ከሠረ። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ጥቅማቸውን የተከፋፈሉበትን የሦስትዮሽ ውል ሲፈራረሙ ከዋነኞቹ ነገሮች አንዱ ይኸው የባቡር መንገድ ነበር። በ1900 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም በዶክተር ቪታልየን ስም አዲስ ውል ተሰጠና አዲስ ኩባንያ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ነው ሥራው የቀጠለው። ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ፣ በ1907 አቃቂ ደርሶ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ።

እንግዲህ ባቡሩ በኢትዮጵያ ምድር ያደረው የመጀመሪያው ሌሊት ከአምስት ዓመት በላይ የፈጀ ነበር ማለት ይቻላል። በእነዚያ ዓመታት ዕቃው ሁሉ ድሬዳዋ ላይ ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ላይ ይጫናል፤ ከሸዋና ከሐረርጌ የመጣው ቡና፣ ቆዳና ሰም ደግሞ ከከብት ጀርባ ወርዶ ፉርጎ ላይ ይወጣል። ጭነት በሚወርድበትና በሚወጣበት ቦታ ጫኝ ያስፈልጋል፤ መጋዘን ያስፈልጋል፤ ሚዛንና ቀራጭ ያስፈልጋል፤ ለሁሉም እንጀራና መኝታ ያስፈልጋል። ኩባንያው በደቻቱ ማዶ ቀጥ ያሉ መንገዶች ቀይሶ፣ ዛፍ ተክሎ ከዚራን ሠራ። ከደቻቱ ወዲህ መጋላ በራሱ ጊዜ አደገ። በዚህ ከተማ ከሠሩት ታላላቅ ሰዎች አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው፤ የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ ሆነው ሠርተው፣ በኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ነበሩ። ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ አስተዳደር የጻፉትን የሚያነብ ሰው ንግድና መንገድ ለአንድ አገር ምን ማለት እንደሆኑ ከወረቀት ብቻ እንዳልተማሩ ይገነዘባል። በየዕለቱ በዓይናቸው ፊት የሚገባውንና የሚወጣውን ፉርጎ ይቆጥሩ ነበርና።

ሦስት ቀን፣ ሁለት ሌሊት

መንገዱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ከጅቡቲ አዲስ አበባ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ዛሬ ይህን ርቀት የሚያይ ሰው በአንድ ቀንና ሌሊት የሚያልቅ ይመስለዋል። በዚያ ዘመን ግን ተራው መንገደኛ ሦስት ቀን ይፈጅበት ነበር። አንደኛው ቀን ከጅቡቲ ድሬዳዋ 310 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ሁለተኛው ቀን ከድሬዳዋ አዋሽ፤ ሦስተኛው ቀን ከአዋሽ አዲስ አበባ። ሁለቱን ሌሊት ሰውም ባቡሩም ተኝተው ያድራሉ።

ለምን ሌሊት አይሄድም? እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎ በ1923 ዓ.ም. ለንግሥ በዓል መጥቶ በዚሁ ባቡር ተጉዟልና በመጽሐፉ ውስጥ ምክንያቶቹን ይዘረዝራል። የባቡሩ መብራት አያስተማምንም፤ በክረምት ጎርፍ ሐዲዱን ጠርጎ ይወስደዋል፤ በተጨማሪም በመንገዱ ዳር ያሉ ሰዎች ከሐዲዱ ሥር የሚጋደመውን ብረት እየነቀሉ የጦር ጫፍ ይሠሩበታል ይላል። የዎ ብዕር ለቀልድ የቸኮለ፣ የባላገሩን ነፍስ ከቁም ነገር የማይቆጥር ነው። ያም ሆኖ የተናገረው ከሥሩ እውነት አለው። ሐዲዱ የተጋደመው በእንጨት ሳይሆን በብረት ላይ ነበር፤ እንጨቱን ምስጥ ይጨርሰዋልና። ብረት ደግሞ በዚያ በረሃ ውድ ነገር ነው። ዎ ያልጠየቀው ጥያቄ ግን አለ። ኢሳውም አፋሩም ግመሉንና ከብቱን ከውኃ ወደ ግጦሽ የሚነዳበት ምድር በአንድ ቀን የሰው ንብረት ሆኖ፣ ብረት ተነጥፎበት፣ እሳት የሚተፋ ነገር ሲሮጥበት ምን ሊሰማው ይችል ነበር? ማንም ሳይጠይቀው ያለፈበትን መንገድ እንደ ራሱ ንብረት አድርጎ እንዲጠብቅለት መመኘት የኩባንያው የዋህነት ነበር።

የሆነ ሆኖ ሌሊቱ የተፈራ ስለነበረ አዋሽ ተፈጠረች። የአዋሽ ጣቢያ ከሸለቆው አፋፍ ላይ፣ ግራር በበዛበት ሜዳ የተቀመጠ ነው። ባቡሩ ሲገባ ፀሐይ ትጠልቃለች። ነጮቹና ባለገንዘቦቹ ከጣቢያው አጠገብ ወዳለው ቡፌ ይገባሉ፤ ይህ ግሪኮች ያስተዳድሩት የነበረ ማረፊያ በዘመኑ ተጓዦች ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው። ገንዘብ የሌለው ደግሞ ወይ ዘመድ ይፈልጋል፣ ወይ ጉልት ከዘረጉት ሴቶች ዘንድ ቆሎና ሻይ ገዝቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ በጣቢያው ዙሪያ ጋደም ይላል። ሌሊት ጅብ ይጮኻል። ጧት ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ይነሣል። ከዚህ ጣቢያ ተነሥተው ከሄዱት አንዱ በ1902 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተወለደው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። በ1926 ዓ.ም. በባቡር እዚህ ወርዶ፣ ግመል ጭኖ፣ አዋሽ ወንዝ የት ገብቶ እንደሚቀር ለማየት ወደ አፋር በረሃ ዘለቀ። ወንዙን እስከ አቤ ሐይቅ ተከተለው።

የቋንቋችንም አንድ ክፍል በእነዚህ ማደሪያዎች የተገኘ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሰፈሩ ለገሃር የተባለው «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው፤ ጣቢያው ማለት ነው። ድሬዳዋም የራሷ ለገሃር አላት። ፉርጎና ቡፌ በዚሁ ባቡር ተሳፍረው የገቡ ቃላት ናቸው። የባቡሩን ድርጅት የድሬ ሰው «ሸመንደፈር» ብሎ ሲጠራው ፈረንሳይኛ የተናገረ አይመስለውም፤ የራሱን ቋንቋ ነው የተናገረው።

እንቅልፉ ባቡር ላይ ሲወጣ

ባቡሩ ሌሊት የሮጠባቸው ጊዜያት ከጥንቱም ቢሆን አልጠፉም። ዋናው ምሳሌ የሚያሳዝን ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ወደ ስደት የሄዱት በዚህ ባቡር ሲሆን በማግስቱ ጅቡቲ ገብተዋል። ያ ባቡር ተራው መንገደኛ እንደለመደው በየማደሪያው ተኝቶ የሚነሣ አልነበረም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ የጣልያን ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ጣልያኖች በቆዩባቸው ዓመታት ሊቶሪና የተባለውን፣ ሞተሩን ከራሱ ጋር ይዞ የሚሮጠውን የመንገደኛ ባቡር አመጡና ጉዞው አጠረ። ከነጻነት በኋላ መስመሩ ለፈረንሳዩ ኩባንያ ተመለሰ። በ1940ዎቹ ደግሞ የእንፋሎቱን ባቡር በናፍጣ የሚሠራው ይተካው ጀመር። የናፍጣ ባቡር በየጣቢያው ውኃ አይጠይቅም፤ ማገዶ አይጠይቅም፤ መብራቱም ከእንፋሎቱ ዘመን ይልቅ ያስተማምናል። እንግዲያው ሌሊት የማይሄድበት ምክንያት አልቀረም። አንደኛ ማዕረግ ለከፈለ ሰው ከውስጥ መኝታ ተዘጋጀለት፤ ሌላው በወንበሩ ላይ፣ ከዚያም የባሰበት በኮተቱ ላይ ተቀምጦ ያድራል። ማደሪያው ከከተማ ወጥቶ ባቡር ላይ ተሳፈረ።

በዚያ የሌሊት ባቡር የተሳፈረ ሰው ምን ይጠብቅ ነበር? መጀመሪያ ልብስ ማውለቅና መልበስን ይጠብቅ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አዋሽ ከ1,000 ሜትር በታች ይወርዳል፤ ድሬዳዋ እንደገና ወደ 1,200 ሜትር ከፍ ይላል፤ ጅቡቲ ባሕሩ ዳር ነው። አቃቂ ላይ ጋቢ የደረበ ሰው መተሐራ ላይ ይጥለዋል፤ አዋሽ ላይ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። መስኮቱ ሲከፈት አቧራ፣ ሲዘጋ ወበቅ ነው። ሁለተኛ፣ መወዛወዝን ይጠብቅ ነበር። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ጠባብ መንገድ ላይ ፉርጎውም ጠባብ ነው፤ አልጋውም እንደዚያው። ኩርባው በበዛበት ቦታ የተኛ ሰው አንዴ ወደ ግድግዳው አንዴ ወደ መተላለፊያው ይንከባለላል። አንዳንዱ ይህን እንደ እሹሩሩ ቆጥሮ ድብን ብሎ ይተኛል፤ ሌላው ሌሊቱን ሙሉ ሐዲዱን ሲቆጥር ያነጋል።

የመንገዱን ውበት በተመለከተ የሌሊት ባቡር ቆራጥ አስተናጋጅ ነው፤ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሸሽግ የሚወስነው የተነሣበት ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ከለገሃር ተነሥቶ አቃቂን፣ ዱከምን፣ ደብረ ዘይትን፣ ሞጆን የሚያልፈው በብርሃን ነው። ጤፉ በደረሰበት ወራት ሜዳው ሁሉ ወርቅ ለብሶ ይታያል። ከናዝሬት ወዲያ መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። ባቡሩ ሳይዘገይ ከመጣና ፀሐይ ካልቀደመችው፣ መተሐራ ላይ በግራ በኩል ፈንታሌ ተራራን፣ ከሥሩም ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የረጋውን ጥቁር ድንጋይ ያያል። ያ ድንጋይ እንደ ታረሰ ማሳ ተገለባብጦ ሣር ሳያበቅል የቀረ ነው። በአጠገቡ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ደግሞ ከ1950ዎቹ ወዲህ ዓመት ከዓመት እየሰፋ አስፋልቱንም ሐዲዱንም ያስቸገረ ነው።

ከአዋሽ በኋላ ጨለማ ነው። አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ጎታ፣ ኤረር፣ ሁርሶ ተራ በተራ ይመጣሉ። በዚህ ሰዓት መንገደኛው አገሩን የሚያውቀው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። ባቡሩ ሲቆም ሻማና ኩራዝ የያዙ ሰዎች በመስኮቱ ሥር ይሰለፋሉ። አንዱ ጣቢያ ላይ «ሻይ! የተቀቀለ እንቁላል!» የሚለው አማርኛ ነው፤ የሚቀጥለው ላይ ኦሮምኛ፤ ከዚያ ሶማሊኛና አፋርኛ፤ ድሬዳዋ ሲቃረብ ዐረብኛም ይቀላቀላል። ወተት በቅል ይቀርባል፤ ፓፓያ ይቀርባል፤ ኤረር ላይ ብርቱካን ይቀርባል። ካርታ የማያውቅ ሰው እንኳ በአንድ ሌሊት ኢትዮጵያ ከስንት ሕዝብ እንደተሠራች ተኝቶ ይሰማል።

ንጋቱ የዚህ ጉዞ ዋጋ ነው። ጎሕ ሲቀድ በስተ ቀኝ የሐረርጌ ተራሮች መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ሆነው ይገለጣሉ። በስተ ግራ ሜዳው እስከ ዓይን ጥግ ይዘረጋል፤ ግመሎች በግራር መካከል ይታያሉ። ከዚያ የድሬዳዋ ዛፎችና የቆርቆሮ ጣራዎች ይመጣሉ። ከዚያ ወዲያ ወደ ጅቡቲ ለሚቀጥለው ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣ ዓሊ ሳቢህ፣ ሆልሆል አሉ። ይህ ቀን በብርሃን የሚታይ ድንጋይና ሙቀት ነው፤ በመጨረሻው ባሕር አለ።

ሌሊቱ የማን ነበር?

የሌሊቱን ባቡር እንደ ሽርሽር ብቻ የሚያስብ ሰው ግን ግማሹን ታሪክ ያጣል። ቱሪስቱ በጣት የሚቆጠር ነበር። ባቡሩን የሞላው ነጋዴው፣ ከሁሉ ይበልጥ ነጋዴዋ ነበረች። ጫትና አትክልት ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ጨርቅ፣ ሽቶ፣ ሬዲዮ፣ ሩዝና ማካሮኒ ወደ ላይ ይወጣል። ግማሹ በሕግ፣ ግማሹ ሌሊቱን ተገን አድርጎ ነው የሚጓዘው። ከኬላው በፊት ባቡሩ ዳገት ላይ ሲያዘግም ጥቅሉ በመስኮት ይወረወራል፤ ታች የቆመ ይቀበላል። መንግሥት ይህን ኮንትሮባንድ ይለዋል፤ ስሙም እውነት ነው። በዚያው ገንዘብ ልጅ ያስተማረች እናት ግን ሌላ ስም ትሰጠው ይሆናል። በሦስተኛ ማዕረግ እግር ማስቀመጫ ጠፍቶ በጥቅል ላይ የተቀመጡት እነዚያ ሴቶች ለመንግሥት ራስ ምታት ሆነው ሳለ ለባቡሩ የዘወትር ደንበኞቹ ነበሩ። ከአንደኛ ማዕረጉ አልጋ ይልቅ ድርጅቱን ያቆየው የእነርሱ ወንበር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሌሊቱ ፍርሃት ደግሞ ጨርሶ አልጠፋም ነበር። በ1969 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር ጦርነቱ ሲፋፋም ድልድዮች በፈንጂ ፈረሱና መስመሩ ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ጅቡቲ ነጻ ወጣች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ድርጅቱ የሁለቱ አገሮች የጋራ ንብረት ሆኖ የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ተባለ። በጥር 1977 ዓ.ም. ደግሞ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ የመንገደኛ ባቡር አዋሽ አጠገብ ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። የሞቱት 428 ተባሉ፤ የቆሰሉት ከ500 በላይ። አገሪቱ በረሀብ በምታልቅበት ወቅት ስለሆነ ሐዘኑ በሐዘን ላይ ተደርቦ ብዙም ሳይወራለት አለፈ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት እጅግ ከባድ አደጋዎች አንዱ ነው። የቀድሞዎቹ መንገደኞች ባቡሩ ተኝቶ እንዲያድር ያደረጋቸው አዋሽ ላይ ይህ መድረሱ ብዙዎችን ያስገርማል።

ባቡሩ ሲተኛ

አሮጌው ባቡር በአንድ ቀን አልሞተም። ሐዲዱ አርጅቶ፣ መለዋወጫ ጠፍቶ፣ መኪናው መንገዱን ወስዶበት፣ ጉዞው እየዘገየና እየተራራቀ መጣ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ለእድሳት ተብሎ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ መስመር ቆመ፤ እንደ ቀድሞው ሆኖ አልተመለሰም። ሚኤሶም ሆነ አፍደም፣ ኤረርም ሆነ ሁርሶ ሰዓታቸውን የሚያውቁት በባቡሩ ፊሽካ ነበር። ሻይ አፍይታ እንቁላል ቀቅላ ሌሊት የምትጠብቀው ሴት አንድ ማታ ጠበቀች፤ በማግስቱም ጠበቀች፤ በኋላ ኩራዟን አጥፍታ ገባች።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. አዲሱ ባቡር ተመረቀ፤ ከታኅሣሥ 2010 ጀምሮም መደበኛ አገልግሎት ሰጠ። ቻይናውያን የሠሩት፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ሐዲዱ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ነው። ለጭነት የሚሰጠው ጥቅም የሚካድ አይደለም፤ ወደብ የሌላት አገር እንዲህ ያለ መንገድ ያስፈልጋታል። ይሁን እንጂ ልዩነቱን ማየት ይገባል። አገልግሎቱን ሲጀምር የመንገደኛው ባቡር ጧት የሚነሣ የቀን ባቡር ነበር። ጣቢያዎቹ ከከተማ ራቅ ብለው ተሠርተዋል፤ የአዲስ አበባው ፉሪ-ለቡ ነው፤ የድሬዳዋውም ከአሮጌው ለገሃር ሩቅ ነው። አሮጌው ባቡር ከከተማው እምብርት ተነሥቶ ከከተማው እምብርት ይወርድ ነበር፤ ይልቁንም ከተማው እርሱን ከብቦ የበቀለ ነው። አዲሱ ያልፋል እንጂ አያድርም። ከተማ ለመውለድ ደግሞ ማደር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው የአሁኑ ጥያቄ የሚነሣው። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የለገሃር ሕንጻ አለ፤ በ2011 ዓ.ም. በዙሪያው ትልቅ የመኖሪያና የንግድ ሰፈር እንደሚሠራ ይፋ ሆኗል። በድሬዳዋ ወርክሾፑ አለ። የአዋሽ ቡፌ፣ የየጣቢያው የድንጋይ ቤት፣ የዛገው ፉርጎና ሐዲዱ ራሱ አሉ። እነዚህ ለብረታቸውና ለመሬታቸው ዋጋ ብቻ ከታዩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምንም አይቀርም። አሮጌ ነገር ሁሉ ይቀመጥ ማለት አይደለም። 780 ኪሎ ሜትሩን ሁሉ ማንሣትም አይቻልም። ከጎረቤታችን ግን አንድ ነገር መማር ይቻላል። ከምጽዋ ወደ አሥመራ የሚወጣው የባቡር መንገድ በጦርነቱ ፈርሶ፣ ሐዲዱ ለምሽግ ሥራ ተነቅሎ ነበር። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተሰብስበው፣ ብረቱን ከየምሽጉ ለቅመው፣ አሮጌውን የእንፋሎት ባቡር በእጃቸው ጠግነው፣ በ1995 ዓ.ም. እስከ አሥመራ መልሰው አደረሱት። ሥራው የተሠራው የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ስለነበሩ ነው።

እኛም ዘንድ ከድሬዳዋ እስከ ኤረር ያለውን አጭር መንገድ እንኳ አንሥቶ፣ ሁለት ፉርጎ አድሶ፣ መንገደኛን ማታ አሳፍሮ ጎሕ ሲቀድ የሐረርጌን ተራሮች ማሳየት ይቻላል። የአዋሽን ማደሪያ እንደገና ማደሪያ ማድረግ ይቻላል። ከዚህም በፊት ሊደረግ የሚገባው የባቡር ነጂዎቹን፣ የትኬት ቆራጮቹን፣ የጣቢያ ኃላፊዎቹንና ሌሊት ሻይ የሸጡትን ሴቶች ቃል መመዝገብ ነው። የት ጎርፍ ሐዲዱን እንደሚወስድ፣ የትኛው ኩርባ እንደሚያስፈራ፣ ባቡሩ ሲዘገይ እንቁላሉ ምን እንደሚደረግ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የድርጅቱ መዝገብ ይህን አልጻፈም። ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ጊዜ ግን የለውም፤ ሰዎቹ እያረጁ ነውና።